ሃያ አምስት ኪሎ

ብርሃነ መስቀል ወልደተንሣኤ የሞተው የፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ ነው። ቀብሩ ላይ ለተሰበሰቡት ወጣቶች «ይህ ሰው እኮ አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ያዝዝ ነበር» ብላቸው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔም ነገሩን ባላውቀው ኖሮ ከእነሱ ጋር እስቅ ነበር።

አንኮበር ነው የተወለደው። አባቱ መርጌታ ነበሩ፤ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን የሚያወጡበትን ባሕረ ሐሳብ ገና በሰባት ዓመቱ አስተማሩት። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሒሳብ መልስ የምገለብጠው ከእሱ ነበር። እኔ ዘርአ ዳዊት መምህር ሆኜ ደብረ ብርሃን ቀረሁ፤ እሱ አዲስ አበባ ተምሮ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነው። የሚሠራው ሰው ትእዛዙን በጠንካራ ካርድ ላይ ቀዳዳ እየበሳ ያጎርሰዋል። ብርሃነ መስቀል ያገለገሉትን ካርዶች አይጥልም ነበር። ኪሱ ሁልጊዜ በእነሱ የተሞላ ነው፤ የሚያስበውን ሁሉ ጀርባቸው ላይ ይጽፋል።

ደሞዙ አምስት መቶ ሃምሳ ብር ነበር፤ የእኔ ሁለት መቶ ሠላሳ። አገር ቤት ስሙ ሲነሣ «የጌታ ልጅ» ይባልለት ጀመር። በጥር 1970 ግን ቤቴ መጥቶ ሲቀመጥ ያየሁት ጌታ አልነበረም። ኮቱ ሰፍቶበታል። ሚስቱ አስካለማርያም መንታ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ ጡቷ ደርቋል። ከደሞዙ ለእናት አገር ጥሪ ተቆርጧል፤ የቀረውን የቤት ኪራይና የወተት ዱቄት ይጨርሱታል። ጤፍ በቀበሌ ሱቅ የለም፤ በጓሮ ሲገኝ ዋጋው እሳት ነው።

ከኪሱ ካርድ አውጥቶ ጫር ጫር አደረገና «የእኔ አምስት መቶ ሃምሳ ተቆራርጦ እዚህ ቢመነዘር ሁለት መቶ አይሞላም። አንተ ትበልጠኛለህ» አለኝ።

«እንግዲያው ደሞዝ እንለዋወጥ» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

መጥቶ የነበረው ጤፍ ፍለጋ ነው። የአልዩ አምባው ነጋዴ አብዱልጀሊል ሁለት ኩንታል በአዲስ አበባው ዋጋ እኩሌታ ሰጠው። ችግሩ ኬላው ነበር። ጥበቃዎቹ ከሃያ አምስት ኪሎ በላይ እህል የያዘን ሰው ይወርሳሉ፤ እምቢ ያለውን ይገርፋሉ። ብርሃነ መስቀል ግን አሰላው፤ ሁለት ኩንታል ለስምንት ሰው ሲካፈል ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት ይደርሳል። አብዱልጀሊል መዝኖ፣ በስምንት ጆንያ ከፍሎ በወስፌው ሰፋው። እሱም ለንግዱ አዲስ አበባ ይሄድ ስለነበር አንዱን ያዘ። እኔም መነጽር ላሠራ እሄድ ነበርና አንዱን ያዝኩ። አንዱን ራሱ ብርሃነ መስቀል፤ የቀሩትን አምስቱን ለአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች በአደራ ሰጠ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ በሚባልበት አገር እምቢ ያለው ሰው አልነበረም።

ልማድ ክፉ ነው። የስምንታችንን ስም ተራ በተራ፣ ከየስማችን ጎን 25 ብሎ፣ ከእነዚያ ቀዳዳ ካርዶች አንዱ ላይ ጻፈና ኪሱ ከተተው።

በዚያ ዘመን የስም ዝርዝር መያዝ ቦምብ ከመያዝ ይብስ ነበር። ሴቶች እንኳ የማኅበር ጽዋ ተራቸውን የጻፉበትን ወረቀት ያቃጥሉ ነበር። እሱ ይህን አጥቶት አይደለም፤ ካልጻፈ የሚያስብ አይመስለውም ነበር፣ በቃ።

ኬላው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ረፋድ ላይ ደረስን፤ ጆንያዎቻችንን ይዘን ወረድን። እያንዳንዱን በእጃቸው ከፍ እያደረጉ አሳለፉ። ስሌቱ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ካድሬው ብርሃነ መስቀልን ሲፈትሽ ካርዱን ሳበው። ወደ ፀሐይ አድርጎ በቀዳዳዎቹ አሾለቀ።

«ይህ ምሥጢር ጽሑፍ ነው! እነዚህ እነማን ናቸው?»

ብርሃነ መስቀል ያን ጊዜ የሠራው ሥራ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ካርዱን ነጥቆ አፉ ውስጥ ከተተው። አንዱ ጥበቃ በሰደፍ አገጩን መታው፤ ሁለተኛው ሆዱን። ወደቀ። በጫማቸው ፊቱን ረገጡት፤ ሁለት ጥርሱ አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ አየሁ። ካርዱን በደም ተለውሶ ከጉሮሮው አወጡት።

ካድሬው መታወቂያችንን ሰብስቦ ከካርዱ ጋር አስተያየና ወደ እኔ መጣ።

«መምህር ዘርአ ዳዊት፤ ስምህ እዚህ ምን ይሠራል? ሃያ አምስት ምንድን ነው?»

ጤፍ ነው ብል ያበቃ ነበር። ቢበዛ ጤፉ ይወረሳል፤ ጥቂት እንገረፋለን። አፌ ግን እንዲህ አለ፦ «ሰውየውን አላውቀውም። ስሜን ለምን እንደጻፈ አላውቅም።»

አብሮ አደጌን ነው አላውቀውም ያልኩት።

«አናርኪስት! ሴል ነው ይህ!» ብሎ ካድሬው ጮኸ። ብርሃነ መስቀልን ጎትተው ቦዩ ጫፍ ላይ አንበረከኩት። ክላሹ ሲቀባበል ሰማሁ። ዝም አልኩ። ሌሎቹም የእኔን አይተው ዝም አሉ።

አብዱልጀሊል ነው ዝም ያላለው። ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ፊት ወጣ። «ጓድ፣ ሃያ አምስቱ ጤፍ ነው! ወላሂ ጤፍ ነው! ቆይ ላሳይህ፣ መዝነው!» አለና ጆንያውን አስቀምጦ ስፌቱን ሊፈታ ከወገቡ ወስፌውን መዘዘ።

ነጋዴ ጆንያ የሚፈታው በወስፌ ነው። እጁ የለመደው ነው፤ ከዚያ በቀር ምንም አላሰበም። ጥበቃው ያየው ግን ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። አብዱልጀሊል በጆንያው ላይ ተደፋ፤ ጤፉ በተበሳው ቀዳዳ ከደሙ ጋር እየተቀላቀለ ፈሰሰ። እግሩ ለጥቂት ጊዜ መሬቱን ደበደበ፤ ከዚያ ተወ።

ካድሬው የኬላውን ሚዛን አስመጣ። ሰባቱን ጆንያ አንድ በአንድ አስመዘነ። ሁሉም ሃያ አምስት። በየስማችን አንጻር በእስክርቢቶ ምልክት አደረገና «ልክ ነው» አለ። እንዲህ ነው ያለው፤ ልክ ነው። ጤፉን ለሕዝብ ብሎ ወረሰው። እኛን ተሳፈሩ አለን። ሬሳውን መውሰድ የሚፈልግ ደግሞ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍል ነገረን።

ከፋዩ ብርሃነ መስቀል ነበር፤ ለልጆቹ ወተት ካስቀራት ብር። በጭነት መኪና ወደ አንኮበር፣ ከዚያ በበቅሎ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ወሰደው። እኔ አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ መነጽሬን አሠርቼ ተመለስኩ።

እሱ ወደዚያ መሥሪያ ቤት አልተመለሰም። አስካለማርያምንና መንትዮቹን ደብረ ብርሃን አመጣ፤ በሰባ አምስት ብር ፋብሪካ በር ላይ ቆመ። አበደ ተባለ። አላበደም። ልጆቹ በገብስ አደጉ፤ ብዕር ግን ሲይዝ ያየው ሰው የለም፤ ደሞዙን ሲቀበል እንኳ በጣት ይፈርም ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ይሸምትና በጀርባው ተሸክሞ ለአብዱልጀሊል ሚስት ለጠይባ ያደርሳል። አሥራ ሁለት ዓመት። እኔን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ «እንዴት አደርክ ዘርአ» ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በ1982 ሳንባው ቀስፎት ሞተ። ጥር ሲደርስ ጤፉን እኔ ገዛሁ። ከአንኮበር ቁልቁል ስወርድ አራት ጊዜ አረፍኩ። ጠይባ ደጇ ላይ ቆማ ጆንያውን አየች፤ ቀጥሎ እኔን።

«ብርሃነ መስቀልስ?»

«ሞተ፣ እትዬ ጠይባ።»

«ኢናሊላሂ» ብላ ተቀመጠች።

መምህር ዘርአ ዳዊት ነኝ ብዬ ቆሜ ነገርኳት። ያን ቀን የካድኩት እኔ ነኝ አልኳት። እኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ባልሽ አይነሣም ነበር አልኳት። እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር።

«ብርሃነ መስቀል አንድ ሰው ፈራ ብሎኝ ነበር። ስሙን በየዓመቱ እጠይቀው ነበር፤ አይነግረኝም» አለች።

ገብታ አንድ ነገር ይዛ ወጣችና እጄ ላይ አኖረችው። የአብዱልጀሊል ወስፌ ነበር፤ እንጨት እጀታው በሰው እጅ ብዛት የለሰለሰ። ጆንያውን አመለከተችኝ። ጎንበስ ብዬ ስፌቱ ላይ ሳደርገው ቆም አልኩና ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

«አይዞዎት መምህር» አለችኝ። «እዚህ የሚተኩስ የለም።»