ቀኝ መሪ ያላት መኪናና የኡስታ አዋድ ጣት

ወርክሾፕ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ አንድ ባልዲ ቡሎን በናፍጣ ማጠብ ነበር። ካርቱም፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር፣ የዘጠናዎቹ መጨረሻ። አዲስ አበባ ያገኘሁት የመካኒካል ምህንድስና ዲግሪ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አሳዪኝ ያለ ሰው አልነበረም። ቡሎኖቹን አጥቤ በጥርሳቸውና በርዝመታቸው ለይቼ ስምንት ጣሳ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ባለቤቱና ዋና ባለሙያው፣ ኡስታ አዋድ፣ ጣሳዎቹን አይተው «ይቺማ ባሽሙሃንዲሳ ናት!» አሉ። ሱዳኖች መሐንዲስን በአክብሮት የሚጠሩበት ቃል ነው። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር ያሉት፤ መካኒኮቹም አብረው ሳቁ። ስሙ እዚያው ተለጠፈብኝ።

ሥራውን ያገኘሁት በአክስቴ በኩል ነው። አክስቴ ሳጃና በሚባል የካርቱም ሰፈር ትኖራለች፤ የምትሠራው ሪያድ በሚባለው ሌላ ሰፈር፣ የኡስታ እህት ቤት ነበር። ለእኔም ያሰበችልኝ የቤት ሠራተኝነት ነበር። ኡስታ ግን የመለዋወጫ ዝርዝር በእንግሊዝኛ የሚያነብላቸው ሰው ቸግሯቸው ስለነበር ወሰዱኝ፤ ኢቃማዬንም፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በስማቸው አወጡልኝ።

የወርክሾፑ ደረጃ ግልጽ ነበር። ከላይ ኡስታ፣ ቀጥሎ በያጁ ሰይድ፣ ከዚያ ሁለት ሱዳናዊ መካኒኮች፣ ከታች እኔ። ሰይድ እንደ እኔ የወሎ ልጅ ነው፤ ካርቱም አሥራ አምስት ዓመት ኖሯል። በአማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ ይጨርሳል።

ዋናው ሥራችን ለአሮጌ መኪኖች ትልቅ ሞተር መግጠም ነበር። ካርቱም ውስጥ የአባታቸውን የስልሳዎቹ መኪና የማይሸጡ ሰዎች አሉ። ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር አልቆ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ባለ ስድስት የጃፓን ሞተር ይዘው ይመጣሉ። ሞተሩን ማስቀመጥ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ጭሱን ማስወጣት ነው።

ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ድምፅ ማፈኛው፣ ወደ ማርሚታው፣ የሚልከውን ክፍል ማኒፎልድ እንለዋለን። ትልቁ ሞተር ሲገባ በጎኑ የሚተርፈው ቦታ አንድ መዳፍ ቢሆን ነው። በዚያች መዳፍ ውስጥ የመሪው ዘንግ አለ፣ የፍሬን ቧንቧ አለ፣ ሞተሪኖ አለ። ስድስት የጭስ ቧንቧ በእነዚህ መሃል ማሳለፍ ነው ሥራው። የተገዛው ማኒፎልድ ስለማይገባ አዲስ እንሠራለን።

የመጀመሪያ ማኒፎልዴን ያበላሸሁት በችኮላ አይደለም፤ ባለማወቅ ነው። ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ጋር የሚገጥመውን ወፍራም ብረት ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ አስቀምጬ ቧንቧዎቹን በየድኩበት። ሲቀዘቅዝ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ጣል ሳደርግበት ብርሃን በሥሩ አለፈ፤ ብረቱ እንደ ጀልባ ጎብጧል። ሰይድ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ይቺንስ ኦምዱርማን ወስደን ለጀልባ ሠሪዎቹ እንሽጣት» አለኝ።

ከዚያ አሮጌ ቴስታታ አምጥቶ ብረቱን በሁሉም ቡሎኖች አሳሰረኝ። መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ መያዝ፣ መኪናው ላይ መሞከር፣ መልሶ አስሮ መጨረስ፣ እስኪቀዘቅዝ አለመፍታት። ያኔ አይጣመምም፤ በመሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮንም አይበላም።

በሦስተኛው ዓመት መለኪያው እኔ እጅ ገባ። እያንዳንዱ መኪና ሲወጣ አንድ የፍተሻ ወረቀት እሞላለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ኡስታ ቁልፉን ለደንበኛው ይሰጣሉ። ነገር ግን በቧንቧውና በመሪው ዘንግ መካከል ያለው ክፍተት በእኔ መለኪያ አይወሰንም ነበር። የሚወሰነው በኡስታ ሌባ ጣት ነው። ጣታቸው ካለፈች «ኸላስ፣ ያላ!» ይላሉ፤ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ያቺ ጣት ስትሳሳት አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐጅ ኡስማን የመጡት ያን ዓመት ነው። ከአል-ማንሺያ ሰፈር፣ ከአባታቸው ጥቁር መኪና ጋር። መሪዋ በቀኝ ነበር፤ መኪናዋ በተገዛችበት ዘመን ሱዳን ውስጥ የሚነዳው በግራ ነበር። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲቀየር ብዙ ሰው መሪውን ወደ ግራ አዛውሯል። እሳቸው እምቢ ብለዋል። «አባቴ በዚህ በኩል ተቀምጦ ነው የነዳት» አሉን። ለዒድ ባለቤታቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መዳኒ ከተማ ሊወርዱ ነው። የመዳኒን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠባብ ነው፤ የጭነት መኪናና አውቶቡስ የሚቀዳደሙበት ነው።

ሦስት ሳምንት ሠራን። ለዒድ ሁለት ቀን ሲቀር የኡስታ ጣት ገባች። ኸላስ። ወረቀቱን መሙላት ጀመርኩ። «መሪ» በሚለው መስመር ላይ እጄ ለምዶ «ግራ» ብሎ ጻፈ። ሰርዤ «ቀኝ» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ሞተር ሲጎትት ዝም ብሎ አይቀመጥም። በተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች ላይ ይጋደማል፤ እኛ የምንገጥማቸው ሞተሮች ደግሞ የሚጋደሙት ወደ ቀኝ ነው። እስከዚያ ቀን የሠራናቸው መኪኖች ሁሉ መሪያቸው በግራ ስለነበር ሞተሩ ሲጋደም ከዘንጉ ይርቃል። በዚህች ግን ወደ ዘንጉ ይመጣል። ስህተቱ የኡስታ ብቻ አልነበረም። ቧንቧውን ሦስት ሳምንት ስለካ የከረምኩት እኔ ነኝ።

ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

«ቧንቧው መሪውን የሚነካ ይመስለኛል።»

«ጣታቸው ገብታ የለ?»

«ሞተሩ ሲጎትት ነው የምልህ።»

የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እኔ ብነግራቸው የራሱን ብየዳ ተጠራጠረ ይሉኛል። አንቺ ንገሪያቸው።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! ሳቅ ማንን ገደለ፣ የኔ እናት?»

ስመለስ ሐጅ ኡስማን ሁለት ሻንጣ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ቁልፉ የኡስታ እጅ ላይ ነው።

«ኡስታ፣ ወረቀቱን አልፈረምኩም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«ምን ጎደለ?»

«ሞተሩ ሲጎትት ቧንቧው ወደ መሪው ይጠጋል።»

ኡስታ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ይቺ ጣት መለካት የጀመረችው አንቺ ሳትወለጂ ነው።»

መካኒኮቹ ሳቁ። ሐጅ ኡስማን አልሳቁም። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ልጅቷ ትጨርስ» አሉ።

«አሥር ደቂቃ ይስጡኝ። ከፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ሊጥ ላምጣ።»

«ባሽሙሃንዲሳ ልትጋግርልን ነው!» አለ አንዱ መካኒክ።

ሊጡን አምጥቼ በጣት ውፍረት የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ለጠፍኩት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቧንቧው ሳይግል መጨረስ ነበረብን። የመኪናዋን ጎማዎች በድንጋይ ደገፍን። ኡስታን እንዲገቡ ለመንኳቸው፤ እያጉረመረሙ ገቡ። ማርሽ አስገብተው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ ነዳጅ እየሰጡ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ። ሞተሩ ጮኸ፤ ወደ ቀኝ ተጋደመ።

«መሪውን ያዙሩት» አልኩ።

አዞሩት። ግማሽ ላይ ያዘ። ነዳጁን ሲለቁት ተፈታ። ደግመው ሰጡት፤ ደግሞ ያዘ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ሊጡን አነሱት። መሃሉ ተበስቷል፤ በቀዳዳው ዙሪያ የመጋጠሚያው ቡሎን ራስ እንደ ማኅተም ታትሞበታል።

«ሐጅ፣ መኪናዋ አትወጣም» አሉ ኡስታ።

«ዒዱስ?»

«በአውቶቡስ ይሂዱ።»

ሐጅ ኡስማን ፊታቸው ጠቆረ። ወደ እኔ ዞሩ። «መንገድ ላይ ቢሆን መቼ ነበር የሚይዘኝ?»

«ጭነት መኪና ለመቅደም ነዳጅ ሲሰጡ። መሪውን መመለስ በሚፈልጉበት ሰዓት» አልኳቸው።

ሻንጣቸው ላይ ትንሽ ተቀመጡ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተነሱና ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ጠሩ።

ከዒድ በኋላ ከመሪው አጠገብ የሚያልፉትን ሁለት ቧንቧዎች ቆርጠን ወደ ታች መለስናቸው። ሞተሩ የሚቀመጥባቸውን የጎማ ትራሶችም በጠንካራ ቀየርን። በሊጥ ስንለካ፣ ሞተሩ እየጎተተ ከአንድ ጣት በላይ ተረፈ። ኡስታም ወረቀቱ ላይ በገዛ እጃቸው አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ክፍተቱ ሞተሩ እየጎተተ ተለክቷል።» ከዚያ ወዲህ ያለዚያች መስመር የወጣ መኪና የለም።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይኸው ነው። ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ቆሞ ሳይሆን እየጎተተ ነው። መሪው በየትኛው ጎን እንደሆነ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጻፉ፤ እኔ የጻፍኩት መጨረሻ ላይ ነው። የተጠራጠራችሁትን ደግሞ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ተናገሩ። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ልኩ አይለወጥም።