ዳኛው የመጣው በነሐሴ ነው

ፎገራ ሜዳ በክረምት የውኃ ነው። ጉማራ ወንዝ ሳይሞላ የመንደሩ ሰው ከብቱን ነድቶ ይሻገርና ደራ፣ ዘመድ ዘንድ፣ ከፍታው ላይ ይከርማል። ውኃው ሲሸሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቁሐር ሚካኤሉ አንለይ እንዲህ ሲል ሸብቷል። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

በአርባ ዘጠኝ ለፓርላማ እንደራሴ ምረጡ ተባለ። ግራዝማች የሻው የመንደሩን የበጋ ግጦሽ በጉልበት አጥሮ ነበርና የመንደሩ ሰው ካሴ፣ «ከገባሁ ሳራችሁን አስመልሳለሁ» ብሎ በወረታ የምርጫ ክልል ለውድድር ተነሣ። ግራዝማችም በዚያው ክልል ተወዳዳሪ ነበር። የቁሐር ሰው ማንን እንደሚመርጥ ስላልጠፋው ግራዝማች ፍርድ ቤት ቆመ፤ «እነዚህ የደራ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከወረታ ክልል ይውጡልኝ!»

ዳኛው ሊያጣራ በነሐሴ በታንኳ መጣ። ቤቱ ሁሉ ባዶ። ማዶ ተሻግሮ አንለይን ከልጁ ባል ከመንግሥቴ ደጅ አገኘው።

«ቤትህ የት ነው?»

አንለይ አፉን ሳይከፍት መንግሥቴ ቀደመው። «ምን ማለትዎ ነው ጌታዬ! ይኸው ቤታቸው አይደል!»

እንግዳ ተቀባይ ሌላ ምን ይላል? አንለይም አማቹን በሰው ፊት ላለማሳፈር፣ «እግዜር ይስጠው፣ ቤቴ ነው» አለ።

ዳኛው ይህንኑ ይዞ ሄደ። ፍርዱም ወጣ፤ መንደሩ ከወረታ ተቆርጦ ለደራ ክልል ተሰጠ።

በምርጫው ቀን አንለይ ጭቃውን እያቦካ ወረታ ደረሰ። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል፣ «የእናንተ መምረጫ ደራ፣ አንበሳሜ ከተማ ነው» አለው።

«አንበሳሜ ካሴ አለ?»

«ካሴማ እዚህ ነው የሚወዳደር።»

«ታዲያ እዚያ ማንን ልመርጥ ነው?»

ግራዝማች ከበቅሎው ላይ ሳቀ። «አንለይ፣ አገርህ ግባ እንጂ! አማችህ ይጠብቅሃል።»

ካሴ ወደቀ። ሳሩም እንደታጠረ ቀረ። አንለይ ያን ሳቅ አራት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ በጉሮሮው ይዞት ኖረ።

በሃምሳ ሦስት ምርጫው ዳግም መጣ፤ ክረምቱም መጣ። መንደሩ ወደ ወረታ ይመለስ የሚል አቤቱታ ገብቶ፣ ዳኛ እንደገና ይመጣል ተብሏል። ከብቱ ሊሻገር ሲል አንለይ ቆጡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«አንቱ፣ ውኃው ደጃፍ ደረሰ እኮ፤ ይነሡ!» አለች ሚስቱ እናኑ።

«አልነሣም! ዘንድሮ የሚፈልገኝ ቤቴ ያግኘኝ። ሬሳዬም ቢሆን።»

«ኧረ በሚካኤል!»

«ሚካኤልም እዚሁ ነው ያለ። አንቺ ከብቱን ይዘሽ ተሻገሪ። መንግሥቴንም በይው፣ ማንም ቢጠይቅህ ቤታቸው አይደለም በል። እስቲ አንድ ክረምት እንኳ ንፉግ ይሁን!»