ክሌር የወረወረችው ሐሳብ

ዙሪክ፣ አፎልተርን፣ ንጋት

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ጥቁር ልብስ ስላልነበረኝ የመጋዘን ሥራ የምማርበት ድርጅት የሰጠኝን ጥቁር ጃኬት ገልብጬ ለበስኩ፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆነ።

ታላቅ ወንድሜ ሳምሶን ባለፈው ሳምንት ጄኔቭ ውስጥ ሞተ። ልቡ ነው አሉኝ። የት እንደሚቀበር ዛሬ ሽማግሌዎች ይወስናሉ፤ ሁሉም አዲስ አበባ ይላሉ። እኔ ግን በያዝኩት አውስዋይስ፣ ማለትም በመኖሪያ ወረቀቴ፣ አገር ቤት መግባት አልችልም። ወደዚያ ከላኩት መቃብሩን አላየውም። ይህን ለማን እናገራለሁ? ታናሽ ነኝ።

ባቡር ውስጥ

በአምስት ፍራንክ የገዛሁት ሻይ ሳልጠጣው በረደ። ሳምሶን ልጠይቀው ስመጣ፣ «በግራ ተቀመጥ፣ ሐይቁን ታያለህ» ይለኝ ነበር። በግራ ተቀምጫለሁ። ከዋሻው እንደወጣን ሐይቁ ከወይን እርሻው በታች ተዘረጋ። እዚህ ስደርስ እደውልለት ነበር፤ አሁን ለማን ልደውል?

ጄኔቭ፣ ጣቢያው

ክሌር ተቀበለችኝ። ሳምሶን ምግብ ያበስልበት በነበረው መሥሪያ ቤት ባልደረባው ናት። አልቅሳ አፍንጫዋ ቀልቷል። የምታወራው እንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤት ነው። ትራም እየጠበቅን ለመታሰቢያው ዛፍ ስለመትከል አወራች። ቀጥላም፣ «ሐይቁን ይወድ ነበር። አስከሬኑን አቃጥሎ አመዱን ሐይቁ ላይ መበተንም አለ። አይ አም ጀስት ስፒትቦሊንግ» አለችኝ።

የመጨረሻውን ቃል አላውቀውም። የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ መሰለኝ። «እሺ» አልኩ።

ጄኔቭ፣ ካሩዥ

የአቶ ታደሰ ሳሎን በለቀስተኛ ተሞልቷል። እሳቸው ጡረታ የወጡ የድሮ ስደተኛ ናቸው፤ ሳምሶን እንደ አባት ያያቸው ነበር።

«የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ምን አሉ?» አሉኝ።

«ሊያቃጥሉት ነው። እኔም እሺ ብያለሁ።»

ቤቱ ተተራመሰ። «ማንን ነው የሚያቃጥሉት? ክርስቲያን እኮ ነው!» አሉ አንዲት እናት። በር ላይ ጫማዋን የምታወልቀው ክሌር ደነገጠች። አቶ ታደሰ በእንግሊዝኛ አነጋገሯት፤ ከዚያ በለቅሶው መሐል ሳቅ አመለጣቸው።

«ልጄ፣ ማንም አልወሰነም። እነሱ ስብሰባ ላይ ያልበሰለ ሐሳብ እንዲሁ ይወረውራሉ። የፈለገ ያነሣዋል፤ ከወደቀም ማንም አይቀየምም። ስፒትቦሊንግ ይኸው ነው።»

የባሰ ግራ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የተነገረ ነገር እንዲህ ይወረወራል?

«ታናሽም ይወረውራል?» አልኩ።

«አዎ፣ ታናሽም።»

«እንግዲያው... እዚሁ ቢቀበርስ?»

አቶ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የወረወርከው ነው ወይስ የምትፈልገው?»

«የ... የምፈልገው ነው። እዚያ ከሄደ እኔ አልደርስበትም።»

ማንም አልተቆጣኝም። አቶ ታደሰ ለእናቴ ደወሉ፤ የምፈልገውን ነግረዋት ስልኩን ሰጡኝ። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች።

«ከቤትህ ይርቃል?»

«ባቡር አለ፣ እማዬ።»

«በል እንግዲህ እዚያው ይረፍ። እየሄድክ እይልኝ።»

በመልስ ጉዞ

ክሌር ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው፤ የፈለግኩት ሆኖ ለምን እንዲህ እንደሚከብደኝ አላውቅም። ከልማድ በግራ ተቀመጥኩ፤ ሐይቁ የለም። ለካ በመልሱ በቀኝ ነው! ይህን ሳምሶን ነግሮኝ አያውቅም።

ልጠይቀው ስመጣ እነግረዋለሁ።