የደጀኔ አምስት መንገዶች

ጎባ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ፔንሲዮን፣ ከእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ በላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። «በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱባቸው አምስት የእግር ጉዞዎች» ይላል። የጻፈው ደጀኔ ነው። ደጀኔ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መኪና ነድቶ፣ ጡረታ ሲወጣ እዚያው ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ ሆነ። ከአጋርፋ እስከ አንገቱ ከተማ ድረስ የማያውቀው ኩርባ የለም። ታዲያ ሁሉንም የሚያውቀው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ነው። በእግሩ ከገበያው አልፎ አያውቅም፤ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ባጃጅ ይጠራል።

ወረቀቱን የጻፈው የፔንሲዮኗ ባለቤት ሊሊ ስለለመነችው ነው። «ጋሽ ደጀኔ፣ እንግዶች የቱን እንሂድ እያሉ ያስጨንቁኛል። አገሩን እንደ እርስዎ የሚያውቅ የለም» ስትለው ደረቱን ነፋ። አላውቅም ማለት ከበደው። በገበያ ቀን ከየተራራው የሚወርዱትን ገበሬዎች እያስቆመ ጠየቀ። የባሌ ሰው ደግሞ መንገደኛን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ይመስለዋል። ከጎባ በላይ የሚኖረው ዳቢሴ ጅብራ ስለሚበቅልበት ጉብታ ሲጠየቅ፣ በአገጩ ወደ ተራራው እየጠቆመ «ዲዮዳ! ቅርብ ነው፣ እዚሁ ነው» አለ። ደጀኔም ሄዶ እንዳየ ሰው «ቁጥር ሦስት፦ የጅብራው ጉብታ። ቀላል። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት። ጎባ ከነሮቤ ወለል ብላ ትታያለች» ብሎ ጻፈ። የሄዱት ወጣት እንግዶች ቢደክማቸውም የራሳቸው ስንፍና መስሏቸው ዝም አሉ።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋዓለም ወረቀቱ ፊት ቆሙ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጎባ አስተምረው፣ አሁን አገሩን ደግመው ለማየት ከደብረ ብርሃን መጥተዋል።

«ደጀኔ፣ ይሄ ቀኝ ጉልበቴ ደህና አይደለም። የቱ ይሻለኛል?»

«ቁጥር ሦስት ነው፣ እትዬ። ሜዳ በሉት።»

«አንተ ሄደህበታል?»

እዚህ ላይ አልሄድኩም ቢል ኖሮ ምንም አልነበረም።

«ስንት ጊዜ!» አለ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የወጡት ሴት ዘጠኝ ሰዓት ሆኖም አልተመለሱም። ጉም ተራራውን ሸፈነው፤ ካፊያም ጀመረ። ሊሊ ደንግጣ ከወጥ ቤት ወጣች። «ጋሽ ደጀኔ፣ መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ቶሎ ይድረሱላቸው!»

እስከ ከተማው ዳር በባጃጅ ሄደ። ከዚያ በኋላ የት እንደሚታጠፍ አያውቅም። ዳገቱን ሩብ ሰዓት ሳይወጣ ትንፋሹ ተቆራረጠ። የአስታው ቁጥቋጦ መሃል መንገዱ ለሁለት ተከፈለ፤ በራሱ ወረቀት ላይ መንታ መንገድ የሚባል ነገር የለም። አንዱን ገምቶ ያዘ። ጭቃው አንድ ጫማውን ወሰደበት፤ ጉሙም ዙሪያውን አጠፋበት። ሊጣራ አፉን ከፈተና አፈረ። ቢሰሙት ምን ሊላቸው ነው? ግን እዚህ ቢሞቱ የገደላቸው እሱ እንደሆነ ታወቀው፤ ያን ጊዜ እየደጋገመ «እትዬ ሸዋዓለም!» ብሎ ጮኸ።

የፈረስ ኮቴ ሰማ። ወይዘሮ ሸዋዓለም የዳቢሴን ቡሉኮ ተከናንበው፣ በዳቢሴ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ከጉሙ ብቅ አሉ። ዳቢሴ ልጓሙን ይዞ ከፊት ይራመዳል፤ ጉብታው ሥር ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነው ያገኛቸው። ሴትየዋ ባለ አንድ ጫማውን ደጀኔን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መንገዱ በዚህ ነው» አሉት ብቻ። ከፈረሱ ኋላ እያነከሰ ወረደ።

ሊሊ በር ላይ አቅፋ ሳመችው። «ጋሽ ደጀኔ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!» እንግዶቹ አጨበጨቡለት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እኔ አይደለሁም ያገኘኋቸው፤ እሳቸው ናቸው ያገኙኝ። ቁጥር ሦስትን ሄጄበት አላውቅም። ከአምስቱ አንዱንም ሄጄበት አላውቅም» አለ።

ሁሉም ሳቁ። «አይ ትሕትና!» አለች ሊሊ። ሳቁ ከስድብ ባሰበት። ያልሳቁት ወይዘሮ ሸዋዓለም ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ጉልበታቸው አብጦ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ደጀኔ ሻይ ይዞ ገብቶ፣ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ዋሽቼዎታለሁ።»

«ያን ወረቀት አምጣው።»

ገንጥሎ አመጣው። ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው «ሁለት ሰዓት» የሚለውን ሰረዙ።

«ስንት ብዬ ልጻፍ?»

ደጀኔ «አላውቅም» አለ።

«እኔም ሕመሜን እንጂ ሰዓቱን አልቆጠርኩም። ሂድና ቆጥረህልኝ ና። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም» አሉና ጉልበታቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑ።

በር ላይ የባጃጁ ሾፌር እንደ ልማዱ ሞተር አስነስቶ «ጋሼ፣ ይግቡ» አለው። ደጀኔ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። የእጅ ሰዓቱን ተመለከተና በእግሩ አለፈው።