ከሚሞሪው የተቆረጠው ልጅ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል፤ እኔም ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ከሥሩ ልናገር። ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት የሞተ ልጃቸውን ድምፅ ፍለጋ ከጎጃም እዚህ መተማ ቆላ፣ ሸሕዲ ድረስ መጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ድምፁ አንድ ጊዜ እኔ እጅ ላይ ነበር። ቆርጬ የጣልኩትም እኔ ነኝ።

ሱቅ ማለቴ እንኳ ማጋነን ነው። ዛሬ የስልክ ሽፋንና የቻርጀር ገመድ የምሸጥባት፣ ቀትር ላይ እንደ ምድጃ የምትግል የቆርቆሮ ክፍል ናት። ድሮ ግን ሙዚቃ ቤት ነበረች። ካሴት ሸጥኩባት፤ ካሴት ሲሞት ሲዲ ሸጥኩባት፤ ሲዲም ሲሞት የሚሞሪ ዘመን መጣ። ሚሞሪ ስልክ ውስጥ የምትገባ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ካርድ ናት። ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ዳር ቆሞ ቀጣሪ ይጠብቃል። ቀጣሪ ሲያገኝ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ ይሮጥና ካርዷን ይሰጠኛል። «ሙላልኝ» ይላል። ዘፈን እሞላለታለሁ። ማሳው ላይ መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ፣ ዘመድ የለ፤ አጨዳው እስኪያልቅ ጓደኛው ያቺ ካርድ ናት።

ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ ማሲንቆ መቺ ይቀመጡ ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ድምፃቸው ሻካራ ነው፣ መልካቸውም ይኼን ያህል አይደለም፤ እሳቸውን እሳቸው ያደረጋቸው መቀበላቸው ነበር። አላፊ አግዳሚው «ተቀበል!» ይላቸዋል። እሳቸው «እሺ ጌታዬ» ይላሉ። ሰውየው ሁለት መስመር ግጥም ይሰጣል፤ እሳቸው ተቀብለው በዜማ ያወጡለታል። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አንቱ ነው የሚባለው። ግጥም ሲሰጥ ብቻ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሽበታሙን ሰው «ተቀበል» ቢለው ነውር የለበትም። የተሰጣቸውን ደግሞ አይረሱም። ዘንድሮ ግጥም ሰጥቶ የሄደ ሳሉግ በዓመቱ ሲመለስ፣ ገና ከመኪናው ሲወርድ፣ የዓምና ግጥሙን እየመቱ ይቀበሉታል። ስንቱ ጠብደል ጎረምሳ እዚያ ዛፍ ሥር ሲያለቅስ አይቻለሁ። በረሃ ውስጥ «አንተ» እንጂ ስሙን የሚጠራው የሌለ ሰው ነዋ።

አንድ ቅዳሜ «ጋሼ፣ ልቅረጽዎትና ሚሞሪ ላይ ልጫንዎት» አልኳቸው። «እንግዲህ ጫነኝ፤ ጭነት ለምጃለሁ» አሉ። መቅረጫዬን በርጩማ ላይ አኑሬ ከሰዓቱን ሙሉ ቀረጽኩ። ወሬው ሲሰማ ሳሉጉ ሁሉ ተሰለፈ። ድምፃችን በካርዱ አገር ቤት ይገባል ብለው ነው እኮ። ለእናት፣ ለሚስት፣ ለወንድም የሚሆን መልእክታቸውን በግጥም እያደረጉ ሰጡ፤ ጋሼም ተቀበሉ። አንዱን ግጥም እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፦

እናቴን በሉልኝ አጥር እንዳታጥር፣
እኔው አጥረዋለሁ ስመለስ በጥር።

ማን እንደሰጠው ግን አላውቅም። ግጥሙ አእምሮዬ ውስጥ ቀርቶ ሰውየው ወጥቷል።

ከዚያ ኮምፒውተሬ ፊት ቁጭ አልኩና መቁረጥ ጀመርኩ። ድምፅ ስክሪን ላይ ተራራና ሸለቆ ሆኖ ይታያል፤ የማትፈልገውን ቀለም ትቀባና ትደመስሰዋለህ። ደስ ይላል፤ ለምን እዋሻለሁ። የሰውን ሳል ቆረጥኩ፣ የአህያውን ጩኸት ቆረጥኩ፣ «ተቀበል» የሚለውን ድምፅ ሁሉ ቆረጥኩ። ቀጥሎ እናትና ቀዬ የሚጠሩትን ግጥሞች አንድ ሳላስቀር አወጣሁ። የወሎው ልጅ ስለ ጎጃሜው እናት ምን አገባው? ማን ይጭነዋል? እንዲህ ነበር ያልኩት። ማንንም የማይጠሩትን፣ ለሁሉም የሚሆኑትን አስቀረሁ፤ ለምሳሌ ይህን፦

ሰሊጥ አጭዳለሁ ብዬ ቆላ ብመጣ፣
ፀሐይዋ ቆላችኝ ከምጣድ አብልጣ።

አንዱ ልጅማ ግጥሙን ሊጨርስ ሁለት ቃል ሲቀረው ሳቁ አምልጦት አበላሸው። ጋሼም አብረውት ስቀው እንደገና አስጀመሩት፤ እንደገና ሳቀ። እሱን ሳጠፋ ተናድጄ እንደነበር ትዝ ይለኛል። «ሂድ ወዲያ፣ ገልፋጣ» ብዬ ደመሰስኩት። መጨረሻውን እንደ ከተማ ዘፈን ድምፁ ቀስ እያለ እየራቀ እንዲጠፋ አደረግሁት። ትንሽ ቆይቶ ኮምፒውተሩ ሞላብኝና የዚያን ከሰዓት ቅጂ በሙሉ ሰረዝኩ። ቦታው ለምን ተፈለገ በሉኛ። ከአዲስ አበባ ለመጣ፣ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ለነበረው የጭፈራ ዘፈን።

ካርዱ ጉድ አፈላ። ከሸሕዲ እስከ መተማ ዮሐንስ ባጃጁም፣ የጭነት መኪናውም፣ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ያለው ሻይ ቤት ሳይቀር የጋሼን ድምፅ ያሰማ ጀመር። ሰርግ ይጠሯቸዋል፤ ነጭ ጃኖ አሰፉ፤ ጫማቸውን አስጠርገው ይወጣሉ። እኔም «ሰው ያደረግኋቸው እኔ ነኝ» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ሰዉ «እንደ ካርዱ ይምቱልን» ማለት አመጣ። ግጥም ሊቀበሉ ቆም ሲሉ ፊቱን ያዞርባቸዋል። «ምን ያንዛዙታል፣ ካርዱ ላይ እኮ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው» ይላቸዋል።

ጋሼ ደግሞ እንጀራ ነውና ታዘዙ። አንዲት ቻይና ስልክ ይዘው እዚያው ዛፍ ሥር የራሳቸውን ዘፈን ከካርዱ ያጠኑ ጀመር። እኔ በኮምፒውተር ቆርጬ የቀጠልኩትን እሳቸው በጉሮሯቸው ቀጠሉት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱማ፣ እኔ ድምፁን እንዳሳነስኩት፣ እሳቸውም ቀስ እያደረጉ፣ ቀስ እያደረጉ ያሳንሱታል። ሕያው ሰው ፊትህ ተቀምጦ እየራቀ ሲሄድ አስበው። የመጀመሪያ ቀን ሳይ በሳቅ ፈርሼ ነበር። አይ እኔ።

ይህ የዘለቀው ሁለት ዓመት ያህል ነው። ካርዱ ካለ ሰውየው ለምን ያስፈልጋል? መጠጥ ቤቱ ትልቅ ስፒከር አቆመ፤ ሰርጉ ኦርጋን የሚጫወት ጎልማሳ ጠራ። አንድ የጎንደር ዘፋኝ ያንኑ ዜማ ወሰደና ድምፁን በማሽን አለስልሶ፣ ከበሮውን በማሽን አስደብድቦ አወጣው። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሲዘፍኑት «የእሱን ሰርቀው ነው» ተባለ። የገዛ ዘፈናቸውን ሰረቁ ተባሉ፤ ይኼን እዚያው ቆሜ ሰማሁና አፌን አልከፈትኩም። ማሲንቋቸውን ይዘው መተማ ዮሐንስ ወረዱ፤ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ኔትወርኩ ደረሰና ሁሉም ዘፈኑን ከስልኩ ማየትና ማውረድ ያዘ። የእኔም ደጃፍ ጭር አለ። ይበለኝ። እንዲያውም አነሰኝ።

እናትዮዋ የመጡት እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ልጃቸው በተቀረጸ በዓመቱ ካላዛር፣ ያ ሆድ የሚነፋ የበረሃ ትኩሳት፣ ይዞት እዚሁ ቆላ ተቀብሯል። አብሮት ያጭድ የነበረው ጓደኛው ሱዳን ተሻግሮ ዓመታት ቆየ። በቅርቡ ጦርነቱ አባሮት አገር ቤት ሲገባ ነው «ልጅዎ ሸሕዲ ላይ ለእርስዎ ግጥም ሰጥቶ ተቀርጿል፤ ዘፈን የሚሞላው ሰው ዘንድ ይሂዱ» ያላቸው።

«ፎቶውስ አለኝ» አሉኝ እናትዮዋ። «ፎቶ ግን አይናገርም። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ። ላስታውሰው ስሞክር የራሴው ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝና ልሂድልህ።»

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ሁሉም ጠፋ፣ እናቴ» አልኩ። ውሸቱ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት ራሴን አስደነገጠኝ። ወሬ ለመለወጥ ብዬ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረ ጠየቅኳቸው።

«ጨዋታ ወዳድ ነው» አሉ። አሁንም «ነው» ነው የሚሉት። «ክፋቱ ነገሩን ሳይጨርስ ይስቃል። ቀልድ ሲነግረን መጨረሻውን ሰምተነው አናውቅም፤ አስቀድሞ እሱ ይስቅና እኛም በሱ ሳቅ እንስቃለን።»

የሳቁን ቅርፅ ስክሪኑ ላይ እንዳየሁት አየሁት፤ ተራራ፣ ተራራ፣ ተራራ። ግጥሙ ግን፣ ለእናቱ የላከው፣ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝም። እሱን አልሰማሁትም ነበራ፤ የሚቆረጥበትን ቦታ ነበር የምፈልገው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። ያንን የማስታውሰውን፣ ባለቤቱን የማላውቀውን የአጥር ግጥም አወጣሁና «ይህን ነው የሰጠው» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቤታችን አጥር የለውም፣ ልጄ» አሉ። «ደጃችን ሜዳ ነው። ይኼ የሌላ እናት ልጅ ነው። እሷም ስትፈልገው ትመጣ ይሆናል፤ እንዳይጠፋባት ያዘው።»

ሊቆጡኝ ይገባ ነበር፤ አልተቆጡም። ያ ነው የባሰብኝ። አንድ ተስፋ ቀረኝ፤ የተሰጣቸውን የማይረሱት ጋሼ። ሱቄን ዘግቼ እናትዮዋን በሚኒባስ ይዤ መተማ ዮሐንስ ወረድኩ። መንገድ ላይ ከቋጠሯቸው ቆሎ ዘገኑልኝ። እፍኙን እንደያዝኩት ደረስን። ሾፌሩ የጎንደሩን ሰው ዘፈን ከፍቶት ነበር፤ «ፀሐይዋ ቆላችኝ» እያለ በማሽን ይንሳፈፋል። እናትዮዋ «ደስ ይላል፤ ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ።

ጋሼ የመጋዘኑ በር ላይ ካፖርት ለብሰው ተቀምጠዋል። ማሲንቋቸው ከውስጥ፣ ከባዶ ጀሪካን አጠገብ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ሳቂታው ልጅ ብዬ። ገብተው ማሲንቋቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

«ድሮ እኮ አልረሳም ነበር» አሉ። «ልምታው እስቲ። እጄ ያስታውስ ይሆናል።»

ጭራውን አጥብቀው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው ጀመሩ። እናትዮዋ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለል አደረጉ። ጋሼ አንደኛውን ግጥም አሉ፤ ሁለተኛውን አሉ፤ የፀሐይዋን አሉ። የቆረጥኩበትን መጋጠሚያ ሁሉ አውቀዋለሁ። እዚህ ጋ አህያ ነበር። እዚህ ጋ ሦስት የወሎ ልጆች ነበሩ። እዚህ ጋ ሳቁ ነበር። በየመጋጠሚያው እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ጋሼ ግን ሳይደናቀፉ፣ ጥርግ ባለ መንገድ እንደሚሄድ ሰው፣ አለፉት። የሞላሁት ካርድ ነው የሚዘፍነው እንጂ እሳቸው አልነበሩም። መጨረሻው ላይ ደረሱና ድምፃቸውን ቀስ አደረጉ፣ ቀስ አደረጉ፣ እጃቸው እየሄደ ድምፁ ጠፋ።

እናትዮዋ ጆሯቸውን እንዳዘነበሉ ጠበቁ። መኪና ያመለጠው ሰው እንዳይመስሉ ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«አለቀ?» አሉ። «የኔውስ?»

ጋሼ ማሲንቆውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «እኔ ከካርዱ ነው የተማርኩት» አሉ፣ አፍረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገራቸው።»

«ነበር፣ እናቴ» አልኩ። «ግጥሙም ድምፁም ነበር። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ነገሩ ስላልገባቸው ሊገባቸው እየሞከሩ ፊቴን አዩኝ። «ምን በድሎህ?» አሉ።

አንድ ምክንያት ፈለግሁ፤ ካርዱን፣ ገበያውን፣ ዘመኑን ላመካኝ አማረኝ። እውነቱ ግን አንድ ብቻ ነበር።

«ሳቀ» አልኳቸው።