የሸሪፋ ጉንዳኖች

ሸሪፋ ክፉ ሰው አይደለችም። አፍንጮ በር የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ለቸገረው ልጅ የጠበበ ሱሪ በነጻ ታስተካክላለች። ግድግዳ የምትጋራት ኡሙሀኒ ስትነሳ ግን ሌላ ሰው ነች። ኡሙሀኒ መጋረጃ ከቀየረች ሸሪፋ እንቅልፍ የላትም። ኡሙሀኒ ስታስነጥስ እንኳ ሰፈሩ ሁሉ ተሽቀዳድሞ «ይማርሽ» የሚላት ይመስላታል።

አምና ጎረቤታቸው ጋሽ የማነ፣ አራት ኪሎ ስለ ዕፅዋት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ አንድ ኦርኪድ ለሁለት ከፍለው ለሁለቱም ሰጡ። የሞቃት አገር ተክል ነው፤ ግንዱ ወፍራም፣ ውስጡ ባዶ።

«አበባዋ ቀድሞ የፈነዳላትን ፎቶ አንስቼ ሳሎኔ እሰቅላታለሁ» አሉ ለቀልድ። ሸሪፋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚታያት ያ ፎቶ ብቻ ሆነ።

የሁለቱም እምቡጥ ያዘ። የሸሪፋ ግን ጉንዳን ነበረበት፤ ከባዶው ግንድ እየወጣ እምቡጡን ይወረዋል። ሊበላብኝ ነው ብላ ተንገበገበች። መድኃኒት መርጨት ትችል ነበር። የተሻለ ነገር ታያት እንጂ! አንድ ጠዋት ኡሙሀኒ ፒያሳ ወጣች ብላ፣ ከግንዶቹ ጉንዳን የሞላበትን አንዱን ቆርጣ በኡሙሀኒ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ተከለችው። ጉንዳኖቹ እንዳይሸሹም የኡሙሀኒን እምቡጥ ስኳር በውሃ በጥብጣ ቀባችው።

«በሉ፣ የእሷን ብሉላት» አለቻቸው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የሸሪፋን እምቡጥ ትል ጨረሰው። በኡሙሀኒ ደጃፍ አሥራ አንድ ቢጫ አበባ ፈነዳ።

«ጉንዳኖቹ ናቸው» አሉ ጋሽ የማነ ስልካቸውን ለፎቶ እያዘጋጁ። «ተክሉ ቤት ይሰጣቸዋል፣ ያበላቸዋል። እነሱም ትል አያስጠጉበትም። ዘበኞቹ እኮ ናቸው!»

ሸሪፋ ዘበኞቿን በገዛ እጇ ለኡሙሀኒ ቀጥራላታለች። ወደ ቤቷ ልትገባ ስትል ኡሙሀኒ ክንዷን ያዘቻት።

«የት ልትሄጂ? አብረን እንነሳለን እንጂ። ያን ቀን እኮ ቤት ነበርኩ፤ ግንዱን ስትተክዪልኝ፣ ስኳሩን ስትቀቢልኝ በመስኮት አይቼሻለሁ። ፎቶውን እንደዚያ እየፈለግሽው ከራስሽ ቆርጠሽ ሰጠሽኝ! ሸሪፋዬ፣ አላህ እንደ ልብሽ ይስጥሽ እያልኩ ከረምኩ።»

«አሚን» አለች ሸሪፋ። አሁን ደግሞ አበባውን ትታ በኡሙሀኒ ቅንነት ቀናች።