በሚካኤል ዕለት ያጠጣሁት ነጭ ሽንኩርት

ዳባት ዳርቻ ያለችው ጓሮዬ ሰፊ አይደለችም። ጎመንም ድንችም አብቅላለች፤ ያን ዓመት ግን ሙሉዋን ነጭ ሽንኩርት ተከልኩባት። ዘሩን ባሌ ነው ከጃናሞራ ያመጣው፤ በየዓመቱ ለዘር እያስቀረ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለው ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። የተሰቀለውን አወረድኩና ለወጥ እንኳ ሳላስቀር ሁሉንም አፈር ውስጥ ቀበርኩት። ቢጠፋብኝ የምተካው ዘር አልነበረኝም።

የኅዳር ሚካኤል ንጋት ላይ ስወጣ መደቡ ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ውርጭ ነው። ውርጭ ያረፈበትን ቅጠል ፀሐይ ሳትደርስበት በውሃ ካጠቡት ይተርፋል፤ ፀሐይ ከቀደመች ጠቁሮ ይቀራል። ጀሪካኔን አንስቼ ወደ ወንዝ ወረድኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ጎረቤቶቼ ተሸክሜ ስመለስ አገኙኝ። «እንኳን አደረሳችሁ» አልኩ። ጀሪካኔን እያዩ አማትበው አለፉ።

በዚያው ሳምንት፣ ያለ ወቅቱ፣ በረዶ ወረደ። ያልታጨደው ገብስ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ የኔም ሽንኩርት ቅጠሉ ተከታትፎ ጭቃ ውስጥ ገባ። በእኛ አገር በረዶ በዓል በሻረ ሰው ጦስ ይመጣል ይባላል፤ ሲወርድ ግን የሁሉንም ማሳ ነው የሚመታው። በዓሉን ማን እንደሻረ ለማወቅ ጎረቤቶቼ ብዙ አልተጨነቁም።

አጥር የምንጋራው ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ደጄ መጡ። ገብሳቸው ሄዷል፤ ፊታቸው ያሳዝን ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምነው በመልአኩ ቀን? ለነገ ብታቆዪው ምን ነበረበት?»

«አባቴ፣ በሬዎ በሚካኤል ዕለት ገደል ላይ ቢንጠለጠል ነገ አወጣዋለሁ ይላሉ?»

«በሬማ ነፍስ አለው!»

«ሽንኩርቴም ነፍስ አለው።»

ሳቁ። ሳቃቸው አንገበገበኝ። በከዘራቸው የተከታተፈውን መደብ እያሳዩኝ፣ «ነፍስ ያለው ይኸ ነው? ንስሐሽን ግቢ፤ ይኸንንም ንቀይና ሌላ ዝሪበት» ብለውኝ ሄዱ።

አልነቀልኩም። ንስሐም አልገባሁበትም፤ ንስሐ የምገባበት ሌላ ሞልቶኛል። መልአኩ ውሃ በመሸከሜ ተቆጥቶ ከሆነ የሽማግሌው ገብስ ምን አጠፋ? እኔ የማምነው መቃብር ገብቶ በወጣ ጌታ ነው። አፈር ውስጥ ስላለ ነገር ተስፋ ቁረጪ የሚለኝን ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ ከእሱ አስበልጬ አልሰማም። ባሌንም ያስቀመጥኩት አፈር ውስጥ ነው።

እየኮተኮትኩ፣ ፍግና አመድ እየጨመርኩ ሰነበትኩ። ባዶ መደብ ስኮተኩት የሚያዩኝ ሴቶች ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ ብለው አሙኝ፤ ይሙኝ። ከሐሜቱ ይልቅ የሚያስቸግረኝ የራሴ ጣት ነበር። በሕይወት ይኑር፣ ይበስብስ፣ አፈሩን ጫር አድርጌ ለማየት ያምረኛል። እፈራ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ቆፍሬ ካየሁት የተረፈውን ሥር የምበጥሰው እኔው ነኝ። ስለዚህ እጄን ሰብስቤ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጸሎቱ ራሱ ጭቅጭቅ ይመስል ነበር።

ገና ካለፈ በኋላ ከተቆራረጠው ቅጠል መሐል አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ አለ። ቀጭን ነው፤ ግን አለ። መደቡ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጥምቀት መጣ። ከጥምቀተ ባሕሩ ጠበል በጀሪካኔ ቀድቼ አሳደርኩ። በማግስቱ የሚካኤልን ታቦት እስከ መንበሩ ሸኝቼ ተመለስኩ። ዕለቱ እንደገና ሚካኤል ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ በአጥሬ ሥር ያልፋል። ጠበሉን ጨለም ሲል ማፍሰስ እችል ነበር። አልፈለግኩም። ሁሉም እያየኝ ጀሪካኑን ተሸክሜ ጓሮ ገባሁና ቀንበጦቼን አጠጣሁ።

ሽማግሌው አጥሩ ጋ ቆሙ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ይናገሩ እንጂ መልሱ ከንፈሬ ላይ ነበር። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም። መደቡን ከዳር እስከ ዳር ሲያዩ ቆዩና ከዘራቸውን በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከው ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቀንበጥ አመለከቱኝ።

«ያችን ዘለልሻት» አሉኝ።